ጎተራ፣ መጋዘን፣ መዝገብ

ዛሬ ስለ ራሽን ሳይሆን ስለ አንድ ቃል ልጽፍላችሁ ነው። ዞሮ ዞሮ ግን እዚያው መድረሴ አይቀርም።

ቃሉ ጎተራ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ጎተራ ሲባል ትዝ የሚለው የወያላ ጩኸትና ማሳለጫው ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ግን እዚያ ከቆሙት ትላልቅ የእህል ማከማቻዎች ነው። እዚህ ካኩማ የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ሰፈሩንም እህሉንም አያውቁም።

ገበሬው ዘንድ ጎተራ ከደጅ የሚቆም ነው። በቀርከሃ ወይም በጭራሮ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይታታል፤ በጭቃና በእበት ይመረጋል፤ እርጥበትና ምስጥ እንዳያገኘው በድንጋይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጣል፤ ከላይ የሳር ክዳን ይደፋበታል። ቤት ውስጥ የሚቆመው ጎታ ነው፤ ሴቶች ጭቃና ጭድ አቡክተው፣ ዙር በዙር እያደረቁ ይሠሩታል። ድብኝት የሚሉም አሉ። ኦሮሞ ወገኖቻችን ከደጅ የሚቆመውን ጎምቢሳ ይሉታል። ሐረርጌ ማሽላውን ጉድጓድ ውስጥ ያኖራል። አሠራሩ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ የዘንድሮን ለከርሞ። ከሁሉም ዘር ይለያል። ቢርብም ዘር መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው፤ ዘሩን የበላ ሰው ዝናቡ ቢመጣለትም የሚዘራው የለውም።

ለዚህ ነው ሽማግሌ ሲመርቅ «ጎተራህ ይሙላ» የሚለው። ብዙ የሚያመርት አገር የእህል ጎተራ፣ ብዙ የሚያውቅ ሰው የእውቀት ጎተራ ይባላል።

መጋዘን ሌላ ነው። የቃሉ ሥር ዐረብኛ ነው፤ ጣሊያኖችም ማጋዚኖ ይሉታል። የእኛ እህል ያለው እዚያ ነው፤ ቁልፉ ግን እኛ ጋ የለም። መቼ እንደሚከፈት፣ ስንት ኪሎ እንደሚወጣ የሚነግረን ሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከፊሉ «ባምባ ቻኩላ» እየተባለ በስልክ ይገባ ጀመር። ስንት እናት ናት ገንዘቡ ሳይገባ ከሱቅ በዱቤ ወስዳ የጨረሰችው? ስደት የወሰደብን እህሉን ብቻ አይደለም፤ ለከርሞ ማስቀመጥን ነው። ከወር ወር የሚኖር ሰው «ከርሞ» የሚለው ቃል ራሱ ከአፉ ይጠፋል።

ሦስተኛው ቃል መዝገብ ነው። ስንሰማው ሆዳችን ይረበሻል፦ ምዝገባ ቆሟል፣ ስምህ መዝገብ ላይ የለም፣ ነገ ተመለሺ። በግዕዝ ግን መዝገብ ማለት ሀብትና እህል የሚከማችበት ቤት ነበር፤ ዘገበ ማለትም አከማቸ። ቆይቶ ነው ስምና ጉዳይ የሚጻፍበት ደብተር መጠሪያ የሆነው። ስም መጻፍ እህል እንደማኖር ነው ማለት ነው።

የቢሮው መዝገብ በእጃችን አይደለም። የቤታችን ግን በእጃችን ነው። እናት፣ አባት፣ አያት ያላችሁ ዛሬ ደውሉላቸው። በእናንተ ቀዬ እህል የሚቀመጥበት ቤት ምን ይባል ነበር? ከምን ይሠራ ነበር? ማን ነበር የሚሠራው? ድምፃቸውን ቅዱ፣ ጻፉት፣ ከዚያ ለልጆቻችሁ አሰሟቸው። የምትናገሩት ቋንቋ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ፣ ትግርኛም ይሁን ሶማልኛ፣ ለእኛ የቀረ ዘር ይኸው ነውና አናስበላው።

ጎተራችሁ ይሙላ።