ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ፤ ከልጅ ልጆች ጋር

ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ከተማው ውስጥ ያሉትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ ይመለሳል። ልጆች አብረው ካሉ ግን አንድ ቀን ጨምሮ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ መሄድ ይገባል እላለሁ። ምክንያቴ በረከቱ ብቻ አይደለም፤ ልጆች ላሊበላ ላይ ለሚያነሡት ጥያቄ መልሱ እዚያ ስላለ ነው።

የእኔ የልጅ ልጅ ቤተ አማኑኤል ፊት ቆማ፣ «ከአንድ አለት ከተፈለፈለ ግድግዳው ለምን ገባ ወጣ ይላል? ልሙጥ ቢያደርጉት አይቀላቸውም ነበር?» አለችኝ። «ነገ በዓይንሽ ታይዋለሽ» አልኳት።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አካባቢ፣ በጥድ ደን በተከበበ ገጠር ይገኛል። በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከመኪና ከወረዱ በኋላ በጥዱ መካከል ዳገት አለ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ በዕድሜ የገፋን ሰዎች እያረፍን ብንወጣ ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በሰፊ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ከአለት አልተፈለፈለም፣ እንደ ቤት ተገንብቷል። ያሠራው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው፣ ክህነትን ከንግሥና ጋር አስተባብሮ የያዘው የዛጉዌ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው ይባላል። ስሙ በግእዝ «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። ዘመኑም 11ኛው ወይም 12ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል።

ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ ነው የተሠራው። ድንጋዩ በነጭ ልስን ተለስኗል፤ እንጨቱ ጠቁሯል። ከሩቅ ሲያዩት ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለው ጋቢ ይመስላል። ሥራው ግን ለጌጥ ብቻ አይደለም። አግድም የተጋደመው እንጨት ድንጋዩን እንደ መቀነት አስሮ ይይዘዋል፣ ክብደቱን ያከፋፍላል፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ይረዳል።

ይህ ጥበብ ከአክሱም የወረደ ነው። በአክሱም የቆሙት ታላላቅ ሐውልቶች በርና መስኮት፣ የወራጅ እንጨት ጫፍም ሳይቀር የተቀረጸባቸው እንዲህ ያለውን ሕንፃ አስመስለው ነው። ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉትም አለቱ እንጨት ባያስፈልገውም የአባቶቻቸውን የግንባታ መልክ አልተዉም። ልጅቷ የጠየቀችው ገባ ወጣ ያለ ግድግዳ ይኸው ነው፤ አክሱምና ላሊበላ በድንጋይ የቀረጹት እዚህ በእውነተኛ እንጨት ቆሟል። በዚህ ዓይነት ተሠርተው እስከ ዛሬ ከቆዩት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ የደብረ ዳሞው ነው፤ ወደዚያ ግን ሴቶች አይወጡም። እዚህ አያትም የልጅ ልጅም አብረው ገብተው ማየት ይችላሉ።

ውስጡ ጨለም ይላል፤ ዓይን እስኪለምድ መታገሥ ነው። ቀስ በቀስ ቅስቶቹ፣ በልዩ ልዩ ሐረግ የተጌጠው የእንጨት ጣሪያ፣ በአገራችን ካሉት ጥንታውያን መካከል የሚቆጠሩት የግድግዳ ሥዕሎች ይገለጣሉ። መስኮቶቹ በመስቀልና በተጠላለፈ ቅርጽ የተፈለፈሉ ናቸው። አባቶች ሕንፃው በውኃ ላይ እንደተሠራ ይናገራሉ፤ ወለሉ ላይ ባለች ትንሽ ክዳን በኩልም ከሥር ያለውን እርጥብ ጭቃ ያሳያሉ።

ወላጆች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ከሕንፃው በስተጀርባ፣ በዋሻው ውስጥ፣ በዘመናት እዚያ ያረፉ የብዙ ሰዎች አፅም ተገልጦ ይታያል። ትንንሽ ልጆች ሊደነግጡ ይችላሉ። እኔ ከመግባታችን በፊት፣ «በዚህ ቅዱስ ቦታ ማረፍን የመረጡ ሰዎች ናቸው፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ እለፊ» ብዬ ነግሬያት ነበርና በጸጥታ አለፈች።

ይህን ሁሉ ዘመን እንጨቱን ያቆየው ዋሻው ነው፤ ዝናብና ፀሐይ ከልክሎለታል። ከእኛ እጅና ከሻማችን ነበልባል ግን ሊከልለው አይችልም። ሥዕሉንም እንጨቱንም የሚነካ እጅ በየቀኑ ጥቂት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የምትሄዱ ሁሉ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ምቹ ጫማና የሚጠጣ ውኃ ያዙ፤ ለልጆቹም በዓይን ማየት እንጂ በእጅ መንካት እንደማይገባ ደጁ ላይ ሳላችሁ ንገሯቸው።