ራስ ምታቴና አንገቴ



የሰባት ዓመቷ ልጄ ቁርኣኗን በሹክሹክታ መቅራት መጀመሯን ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» ብትላት «አባን ራሱን ያመዋል» አለቻት። ይህን ስሰማ እጅግ አፈርኩ። ለካ ለወራት ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኝቼው ኖሯል።

ሕመሙ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ይጀምረኛል። አይወጋም፣ አይመታም፤ ግንባሬንና ግራ ቀኝ ጆሮ ግንዴን እንደ ጠበቀ ሻሽ ያስረኛል። በወር ሃያ ቀን ያህል ያመኝ ነበር። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ ሌላው መነጽር ግዛ አለኝ፣ ጎረቤታችን ደግሞ ሳይነስ ነው ብለው ደመደሙ። ዋግምትም ታገምኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኢሕራም ላይ ሳሉ ራሳቸውን መታገማቸው በቡኻሪ ዘገባ ሰፍሯል፤ ነገር ግን እዚያ የተጠቀሰው «ሸቂቃ» በአንድ ወገን የሚያም ነው፣ የእኔው በሁለቱም ነበር። በልቤ የአንጎል ዕጢ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም። በየኪሴ ፓራሲታሞል ይዤ በየቀኑ እውጥ ነበር።

በመጨረሻ ያየኝ ሐኪም ዓይኔንና የደም ግፊቴን መረመረ፤ ከዚያም በአውራ ጣቱ ማጅራቴን፣ ትከሻዬንና መንጋጋዬን ሲጫነኝ ጮህኩ።

«ኡስታዝ፣ ደብተር ሲያርሙ ጥርስዎን ይነክሳሉ?»

እኔ አላውቅም። ማታ ባለቤቴን ብጠይቃት «አንተ ተኝተህም ጥርስህን ታፋጫለህ» አለችኝ።

ከአንዋር መስጊድ እስከ አውቶቡስ ተራ ባለው መንገድ የመርካቶ ተሸካሚ በትከሻው የሚችለውን ጭነት በየቀኑ አያለሁ። ከጠመኔ የከበደ የማላነሣው ሰው አንገቴ ደክሞ ይሆናል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ሆኖም የሰው ራስ ራሱ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። እኔ ደግሞ በመድረሳ ሉሕ ላይ፣ ኋላም በተማሪ ደብተር ላይ አጎንብሼ ነው ዕድሜዬን የገፋሁት።

ድሮ ሐኪሞች ይህን ሕመም የጡንቻ መኮማተር ብቻ ያመጣዋል ይሉ ነበር። ጡንቻው በመሣሪያ ሲለካ ግን ብዙውን ጊዜ ከጤነኛው ሰው ያን ያህል የተለየ ሆኖ አልተገኘም፤ የተለየው ሲነኩት ማመሙ ነው። ሕመሙ ሲዘወተር ደግሞ ነርቮችና አንጎል ስሜቱን ማጉላት ይለምዳሉ፤ ስለዚህ መታሸት ብቻውን አይበቃም። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የክኒኑ ነገር ነው። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር ላላነሰ ጊዜ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። እኔ ከኪሴ አውጥቼ ሕመሙን እየመገብኩት ነበር! (ድንገት እንደ መብረቅ የመጣ፣ ወይም ከትኩሳትና ከአንገት መገተር፣ ወይም ከእጅና እግር መዛል ጋር የመጣ ራስ ምታት ግን ሌላ ነው፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይኬዳል።)

ክኒኑን ሳቆም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ የባሱ ነበሩ። አናጺ ዘንድ ዘንበል ያለ የማረሚያ ጣውላ አሠራሁ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቼ ትከሻዬን አዞራለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን በወር አምስት ስድስት ቀን ቢያመኝ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ማታ ልጄ ሱረቱ ነበእን ስትቀራ አንድ ቦታ ላይ ተሳሳተች። ከጓዳ ሆኜ አረምኳት። ደገመችው፤ ድምፅዋንም ዝቅ አላደረገችም።