የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት በሠፈራችን ደጋግመን እንሰማዋለን። ማታ በምናስተምርበት ዳስ አንድ ልጅ ስለ ጠፈር ጉዞ ጠይቆ፣ ወዲያው ስለ ውሃ ማፍላት፣ ጥቂት ቆይቶም ስለ መንግሥትና ስለ ምርጫ ሲያነሳ፣ «ይኼ ልጅ ልቡ አልረጋም» ይባላል። «ስደተኛ ስለ ስንዴው ያስብ፤ ጠፈሩን ላለው ይተው» የሚሉም አሉ። እኛ መምህራን በዚህ አንስማማም፤ አንዲት ምስክርም እንጠራለን።

ሜይ ጄሚሰን እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ፣ አላባማ ተወልዳ በቺካጎ ያደገች ጥቁር ሴት ናት። በልጅነቷ «ስታር ትሬክ» የተባለውን የቴሌቪዥን የጠፈር ተረት ትወድ ነበር። ከ1966 እስከ 1969 በታየው በዚህ ድርሰት ውስጥ የመንኮራኩሩ የሬዲዮ መኮንን ኡሁራ የምትባል ጥቁር ሴት ነበረች። ስሟ «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የመጣ ነው፤ ነጻነት ማለት ነው። ኡሁራን ሆና የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትተው ስትል፣ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እንዳትተው እንደ መከሯት ራሷ ተናግራለች። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በመጪው ዓለም ቦታ እንዳለው ማሳየት ራሱ ፖለቲካ ነበር።

ጄሚሰን በዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምሕንድስና ስትማር የጥቁር ተማሪዎችን ማኅበር መርታለች። ቀጥላ ሕክምና አጠናች፤ ገና ተማሪ ሳለችም ታይላንድ ሄዳ በካምቦዲያ ስደተኞች ካምፕ ሠራች። ከ1983 እስከ 1985 በላይቤሪያና በሴራሊዮን በሐኪምነት አገለገለች። በ1992 ደግሞ «ኢንዴቨር» በተባለችው መንኮራኩር ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ጠፈር ወጣች። እዚያም የአጥንት ሕዋሳትንና በጉዞ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ መረመረች፤ ፈረቃዋንም የኡሁራን የሬዲዮ ቃል እየደገመች ትጀምር ነበር።

እስቲ ወደ ታይላንዱ ካምፕ እንመለስ። ለምርመራ የተሰለፉት እናቶች ያቺ ወጣት አንድ ቀን ጠፈር እንደምትደርስ ከየት ያውቃሉ? እኛስ ጄሪካን ይዞ ከውሃው ሰልፍ የቆመው ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን ከየት እናውቃለን? የራሽን ካርዱ የቤተሰቡን ቁጥር ይነግረናል እንጂ የልቡን አይነግረንም።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ አስቸኳዩ ጊዜ ካለፈ በኋላ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 20 ሊትር ውሃ እንዲዳረስ መመዘኛ አውጥቷል። ልጁን እጁን እንዲታጠብ እናስተምረዋለን፤ ይህ ጤና ነው። ውሃው ከ20 ሊትር ሲያንስ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ ፖለቲካ ነው። ቧንቧ ከየደጃፉ የደረሰበትን ሠፈር በልቡ ይሥላል፤ ገና የሌለውን ማየት ደግሞ የጠፈር ተረት የሚያስተምረው ነው። እንግዲህ ልጁ የወጣው አንድ ዛፍ ላይ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ሦስት ናቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሲጠይቁ አታቋርጧቸው። ስንዴውን ሌላ ሰው ይሰፍርልናል፤ ጥያቄን ግን በገዛ እጃችን አንስፈርባቸው።