ሬሳው የማን ነው?

የሶፎክልስን «አንቲጎኔ» ያነበበ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ልቡን ለልጅቱ ሰጥቶ ነው መጽሐፉን የሚከድነው። ክሬዎን ጨቋኝ፣ እሷ ጀግና፤ አለቀ። በየዶርሙ የሚነሣው ክርክርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም።

ላላነበበ በአጭሩ ላስታውስ። የኤዲፐስ ሁለት ወንዶች ልጆች በዙፋን ተጣሉ። ኤቴዎክሊስ የቴብስን ከተማ ሲከላከል፣ ፖሊኒቄስ የባዕድ ጦር አስከትሎ ሊወጋት መጣና በር ላይ ተገናኝተው ተገዳደሉ። ሥልጣኑ ለአጎታቸው፣ ለእናታቸው ወንድም ለክሬዎን ተረፈ። እሱም የተከላከለው በክብር ይቀበር፣ ከጠላት ጋር የመጣው ግን ሜዳ ላይ ይቅር፣ ውሻና አሞራ ይብላው፣ የቀበረው ይሙት ሲል ዐዋጅ አስነገረ። እኅታቸው አንቲጎኔ ዐዋጁን ጥሳ በወንድሟ ሬሳ ላይ አፈር በተነች።

ተውኔቱ አቴና ውስጥ የቀረበው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ዓመት ገደማ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም የክሬዎን ዐዋጅ ለአቴና ተመልካች ከሰማይ የወረደ እንግዳ ነገር አልነበረም። በአቴና ሕግ አገሩን የከዳ ሰው በአቲካ አፈር አይቀበርም። ፋርሶችን በባሕር ድል ለመምታት የአንበሳውን ድርሻ የወሰደው ቴሚስቶክልስ እንኳ በክህደት ተከሶ በስደት ሞተ፤ ታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደሚነግረን፣ ዘመዶቹ ዐፅሙን በድብቅ አምጥተን አቲካ ውስጥ ቀበርነው ይሉ ነበር። እንግዲህ አንቲጎኔ ያደረገችውን የሚያደርግ ሰው በተረት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ሌላም አለ። ያ ዘመን ከተማው ሟቹን ከቤተሰብ እጅ እየወሰደ የመጣበት ዘመን ነው። በጦርነት የወደቁት ሰዎች ዐፅም በየነገዱ በሣጥን ሆኖ፣ በመንግሥት ወጪ፣ በሕዝብ መካነ መቃብር ይቀበራል፤ የሙሾውን ቦታ ከተማው የመረጠው ሰው ንግግር ይይዘዋል። ቀደም ብሎም ሶሎን ሴቶች በቀብር ላይ ፊታቸውን እየነጩ እንዳያለቅሱ በሕግ ከልክሎ ነበር። በታላቁ የዲዮኒሶስ በዓል ደግሞ፣ ትራጄዲዎቹ ከመጀመራቸው በፊት፣ አባቶቻቸው ለአገር የሞቱባቸውና መንግሥት ያሳደጋቸው ወጣቶች የጦር ዕቃ ለብሰው እዚያው ቴአትር ውስጥ በሕዝብ ፊት ይሰለፋሉ። ይህንን ሰልፍ በለመደ ሕዝብ ፊት ነው እንግዲህ አንዲት ልጅ ወጥታ ሟቹ የኔ ነው የምትለው። ደራሲውም ቢሆን ዳር ቆሞ መንግሥትን የሚሰድብ ሰው አይደለም፤ የአቴናና የአጋሮቿ ግምጃ ቤት ሹም የነበረ፣ ከፔሪክልስም ጋር በጦር አዛዥነት የተመረጠ ሰው ነው።

ታዲያ የክሬዎን ጥፋት የት ላይ ነው? ከዳተኛን በአገር አፈር አለመቅበር አንድ ነገር ነው፤ ጨርሶ እንዳይቀበር መከልከል ሌላ። የአቴና ሕግ ከወሰን ወዲያ ወስዶ መቅበርን አይከለክልም ነበር። ክሬዎን ግን ሬሳውን ራሱን የመንግሥት ንብረት አደረገው።

ይህን ለኛ አገር ሰው ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉት ወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ተጥሎ አድሯል፤ ወላጅ እንዳያለቅስ ተከልክሏል፤ የልጃችሁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦችም ነበሩ። ጎረቤት ሁሉ ለቅሶ መድረስ ግዴታው በሆነበት አገር፣ ድንኳን ሳይተከል፣ እግዜር ያጥናችሁ የሚል ሰው ሳይመጣ የመሸበት ቤት ምን እንደሚመስል አያቶቻችን ያውቁታል።

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስ። የቤተሰብ ፍቅር ምሳሌ ናት ይባላል። እስቲ ደግማችሁ አንብቧት! እኅቷ ኢስሜኔ ፈርታ አብሬሽ አልሄድም ስትላት፣ አንቲጎኔ ወዲያው ጠላት ታደርጋታለች። በኋላ ኢስሜኔ ተጸጽታ አብሬሽ ልሙት ብላ ስትመጣም አትቀበላትም። ከሁሉ የሚገርመው ግን ልትሞት ስትል የምትሰጠው ምክንያት ነው፤ ለባል ወይም ለልጅ ብሎማ ኖሮ ዐዋጁን እንደማትጥስ፣ ባልም ልጅም እንደሚተካ፣ ወላጆቿ ስለሞቱ ግን ወንድም ከእንግዲህ እንደማይወለድላት ትናገራለች። ገጣሚው ጎተ ይህን ቦታ በጣም ከመጥላቱ የተነሣ አንድ ሊቅ ተነሥቶ የሶፎክልስ አይደለም ብሎ ቢያረጋግጥልኝ ብሎ ተመኝቶ ነበር። እኔ ግን ሶፎክልስ ያውቅበታል ባይ ነኝ። ይቺ ልጅ ቤተሰብ የምትለው በአብዛኛው ሙታንን ነው። በሕይወት ያሉት ዘመዶቿ፣ እኅቷም፣ እጮኛዋ ሃይሞንም፣ በዓይኗ እምብዛም አይሞሉም።

ሄግል ሁለቱም ወገኖች በየፊናቸው እውነት አላቸው፣ ትራጄዲውም ሁለት እውነቶች ሲጋጩ ነው ይላል። ትልቅ አነጋገር ነው፤ የሶሲዮሎጂ ክፍል ጓደኞቻችንም ይወዱታል። ቤተሰብን በአንድ ሚዛን፣ መንግሥትን በሌላ ሚዛን አስቀምጦ መመዘን ግን አንድ ሰው ያስረሳናል። እሱም ሃይሞን ነው።

ሃይሞን የክሬዎን ልጅ፣ የአንቲጎኔ እጮኛ ነው። ወደ አባቱ ሲገባ እየፎከረ አይደለም የሚገባው። የአባቱ ልጅ መሆኑን፣ የአባቱን መልካም ምክር ከጋብቻው በላይ እንደሚያይ ገልጾ ይጀምራል። አባትየውም ደስ ይለውና ረጅም ትምህርት ይሰጠዋል፤ ቤቱን ሥርዓት ያላስያዘ ሰው አገር አያስተዳድርም፣ የሥጋ ዘመዴን ካሳለፍኩ ባዕዱን እንዴት አድርጌ እቀጣለሁ ይላል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሰው ቤተሰብን ለመንግሥት ሠዋ የሚባለው ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር አገሩን እንደ ቤቱ፣ ቤቱንም እንደ አገሩ ነው የሚገዛው፤ በሁለቱም ቦታ ከሱ ሌላ የሚናገር ሰው እንዲኖር አይፈልግም።

ከዚያ ልጁ ቀስ ብሎ ዋናውን ነገር ያወጣዋል። ተራው ሰው የንጉሡን ፊት ፈርቶ አፉን እንደያዘ፣ በጨለማ ግን ከተማው ለልጅቱ እንደሚያለቅስላት፣ እሱ ግን ልጅ ስለሆነ ይህን ሁሉ ለአባቱ ሲል እንደሚሰማ ይነግረዋል። በጎርፍ ዳር የቆመውን ዛፍ ምሳሌ ያደርግለታል፤ ጎንበስ ያለው ከነቅርንጫፉ ይተርፋል፣ የገተረው ከነሥሩ ይነቀላል። አያችሁ? በቴብስ ከተማ ለንጉሡ እውነቱን ይዞለት የሚገባ አንድ ሰው ቢገኝ፣ ያ ሰው የገባው በልጅነቱ ነው። ዘበኛው ይፈራል፣ ሽማግሌዎቹ ይሸፋፍናሉ። የቤተሰብ ፍቅር እዚህ ላይ የመንግሥት ተቃራኒ መሆኑ ቀርቶ ጆሮ ሆኖለት ነበር። ክሬዎን ግን በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልማር ወይ ብሎ ተቆጣና የሴት ባሪያ ብሎ ሰደበው። በቃ፣ ጆሮውን ራሱ ቆረጠው።

ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው እንደሚተርኩት፣ በሮብን ደሴት እስር ቤት እስረኞች ይህን ተውኔት ሲጫወቱ እሳቸው የወሰዱት የአንቲጎኔን ወገን ሳይሆን የክሬዎንን ቦታ ነው። መጀመሪያ ላይ ንጉሡ የሚናገረው፣ ሰው በሥልጣን ካልተፈተነ አይታወቅም የሚለው ሐሳብ፣ ማስተዋል ያለበት እንደሆነ ጽፈዋል፤ ነቀፋቸው ለተሸነፈው ምሕረት በማጣቱ ላይ ነው። በመንግሥት የታሰረ ሰው የመንግሥትን ቃል በአፉ ይዞ ሲለማመድ ማሰብ ራሱ አንድ ተውኔት ነው፤ ግን ወደ ጉዳያችን።

በመጨረሻ ዐይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ መጥቶ ከተማው መርከሱን፣ አሞራዎች የሬሳውን ሥጋ በየመሠዊያው እየጣሉ መሆናቸውን ሲነግረው፣ ክሬዎን ይደነግጣል። ምን ላድርግ ብሎ ሽማግሌዎቹን ይጠይቃል። እነሱም በቅደም ተከተል ይነግሩታል፤ ሂድና መጀመሪያ ልጅቱን ከዋሻው አውጣ፣ ከዚያ ሬሳውን ቅበር። እሺ ብሎ ይሮጣል። መልእክተኛው ኋላ ሲተርክ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ በፊት ሜዳ ሄደው የፖሊኒቄስን ሬሳ አጥበው፣ አቃጥለው፣ ጉብታ አፈር ከመሩበት፤ ከዚያ ነው ወደ ዋሻው የሄዱት። ብዙ አንባቢ ይህን ሳያየው ያልፋል። ክሬዎን በጸጸቱ ሰዓት እንኳ ያስቀደመው የዐዋጁን ፋይል መዝጋት ነው፤ በሕይወት ያለችው ልጅ ተራ ትጠብቅ።

ሲደርስ አንቲጎኔ ራሷን ሰቅላለች፤ ሃይሞን ወገቧን አቅፎ ያለቅሳል። አባቱን ሲያይ ሰይፍ መዞ ሰነዘረ፤ ሳተው፤ ሰይፉን በራሱ ጎን ሰካው። ክሬዎን የልጁን ሬሳ ተሸክሞ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ሲደርስ ሌላ መርዶ ይጠብቀዋል፤ ሚስቱ ኤውሪዲቄ የልጇን ሞት ሰምታ መሠዊያው አጠገብ ራሷን ገድላለች፤ ስትሞትም ቀደም ሲል ለከተማው የሞተውን የመጀመሪያ ልጇንና ሃይሞንን በስማቸው ጠርታ፣ ልጆቼን የገደልክ ብላ ባሏን ረግማዋለች።