ስለ ሥዕል ታሪክና ስለ ሠሪዎቹ ስም

አንባብያን ሆይ፥ ከኹሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዕድሜዬ ለሽበት የደረሰ ሰው ስኾን፥ ኮሚክ የሚባለውን በሥዕል የሚነገር ታሪክ እጅግ አድርጌ እወዳለሁ። በቤቴ ከመዝገበ ቃላትና ከታሪክ መጻሕፍት አጠገብ የሱፐርማንና የባትማን ስስ መጽሔቶች ተደርድረዋል። እንግዳ የመጣብኝ እንደ ኾነ እነርሱን አይቶ «የልጆቹ ናቸውን?» ይለኛል፤ እኔም «የራሴ ናቸው» ስለው ዝም ይላል።

ይህ ጥበብ ለሕፃናት ጨዋታ ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አሠራሩን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ብልሃት አለበት። ገጹ በትንንሽ ክፍሎች ይከፈላል፤ በያንዳንዱም ክፍል አንድ ቅጽበት ይሣላል፤ በአንዱ ሥዕልና በሚከተለው መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ የሚሞላት ግን አንባቢው ነው። በፊተኛው ክፍል ሰውዬው በጣራ ጫፍ ቆሞ ይታያል፤ በሁለተኛው ከመሬት ወርዷል። መዝለሉን ማንም አልሣለውም፥ እኛ ግን አይተነዋል። ለአገራችንም ሰው ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በሸራ ላይ፥ በተርታ በተሠመሩ አራት ማዕዘኖች ተሥሎ፥ ከሥዕሉም ጋራ ጽሕፈት ተጨምሮበት አይተናል። እኔም በልጅነቴ በእንዲህ ያለ ሸራ ፊት ቆሜ፥ ጣቴን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው እያሻገርሁ ታሪኩን እከተል ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኅቴ ልጅ ከመጽሔቶቼ አንዱን ይዞ «አጎቴ፥ ይህን ባትማንን ያወጣው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ እንደ ተጻፈው «ቦብ ኬን ነው» አልሁት። ሳላመነታ ነበር የመለስሁለት። ኋላ ግን ነገሩን ስመረምር ለልጁ የነገርሁት የእውነቱን እኩሌታ ብቻ መኾኑን ዐውቄ አፈርሁ።

ባትማን በመጀመሪያ የታተመው በ1939 ዓመት በአሜሪካ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሠዓሊው ቦብ ኬን ባወጣው የመጀመሪያ ንድፍ የሰውዬው ልብስ ቀይ፥ ጭምብሉም ትንሽ ነበረ፤ ከጀርባውም ግትር ክንፍ ነበረው። ቢል ፊንገር የሚባል ጸሓፊ ወዳጁ ግን ንድፉን አይቶ፥ በጭምብሉ ፈንታ ባለ ጆሮ ቆብ፥ በክንፉ ፈንታ ካባ፥ በእጁም ጓንት ይደረግለት፥ የልብሱም ቀለም አመድማ ይኹን ብሎ መከረ። ብሩስ ዌይን የሚለውን ስም ያወጣ፥ ጎተም የምትባለውን ከተማ የሰየመ፥ የመጀመሪያውንም ታሪክ የጻፈ እርሱ ነው። ኾኖም ውሉ በኬን ስም ብቻ የተደረገ ስለ ኾነ፥ የባትማን አባት ተብሎ የሚታተመው ኬን ብቻውን ነበር። ፊንገር በ1974 ዓመት ዐረፈ። ኬንም በ1989 ዓመት ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ለወዳጁ የሚገባውን ክብር ባለመስጠቱ መጸጸቱን ገለጠ። ነገር ግን የፊንገር ስም ከኬን ስም ጋራ እንዲታተም የተፈቀደው በ2015 ዓመት፥ የልጅ ልጁና ሌሎች ተቈርቋሪዎች ብዙ ከደከሙ በኋላ ነው። ይህም ከሞተ 41 ዓመት ዐልፎ ነው።

የሱፐርማንም ነገር ከዚህ እምብዛም አይሻልም። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በክሊቭላንድ ከተማ በትምህርት ቤት የተዋወቁ ጓደኞች ነበሩ፤ አንዱ ይጽፋል፥ አንዱ ይሥላል። በ1938 ዓመት 13 ገጽ የኾነውን የመጀመሪያ ታሪክ ከነሙሉ መብቱ በ130 ዶላር ሸጡ፤ ለአንድ ገጽ 10 ዶላር መኾኑ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል ይባላል፤ እነርሱ ግን ሥራቸው ታትሞ ለማየት የጓጉ ወጣቶች እንጂ ሞኞች አልነበሩም። በ1975 ዓመት የሱፐርማን ሲኒማ ሊሠራ መኾኑ በተሰማ ጊዜ ሲግል በደሉን ለጋዜጦች ጽፎ አሰማ፤ ሹስተር ያን ጊዜ ዐይኑ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሕዝቡም ስለ ተቈጣ ኩባንያው ለያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍልና ስማቸውን ሊመልስ ተስማማ። ያ 130 ዶላር ከሌላ ሥራ ዋጋ ጋራ ተደምሮ የተከፈለበት አሮጌ ቼክ ግን በ2012 ዓመት በጨረታ 160,000 ዶላር አወጣ።

አንድ ሰው «አሳታሚው ገንዘቡን ባያወጣ ሥራው ለአንተ ይደርስ ነበርን?» ቢለኝ፥ እውነቱን ነው፥ አይደርስም ነበር። ነገር ግን የአባቶቻችንን ልማድ እናስብ። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ብዙ ጊዜ የጻፈውም ያስጻፈውም በጸሎት እንዲታሰቡ ይለመናል። አስጻፊው ዋጋውን ከፍሏል፤ የደከመውም እጅ ከርሱ ጋራ ይታሰባል። ስሙን ሳይጽፍ ያለፈ ሠዓሊም በአገራችን ብዙ ነው፤ ከነርሱ መካከል ስለ ትሕትና ብሎ የተወው ይኖራል። በፈቃዱ ስሙን የሚተው ሰው ግን በውል ስሙ ከሚቀርበት ሰው ጋራ አይቈጠርም። እኛም አንባቢዎች ያየነውን ስም ብቻ ይዘን፥ ያልተጻፈም ይኖር ይኾን ብለን ሳንጠይቅ ብዙ ዘመን በመደሰታችን ከነገሩ ንጹሓን አይደለንም።

ስለዚህ ባለፈው ሰሞን የእኅቴን ልጅ ጠርቼ «ያን ጊዜ የነገርሁህ አልተሟላም ነበር» አልሁት፤ ታሪኩንም ኹሉ አወራሁለት። ከዚያ በኋላ ከ2015 በፊት የታተሙትን የባትማን መጽሔቶቼን አውጥቼ፥ በመጀመሪያው ገጽ ከቦብ ኬን ስም በታች «ቢል ፊንገር» ብዬ በቀለም መጻፍ ዠመርሁ። ልጁም የእጅ ጽሕፈት ያረፈበት መጽሔት ዋጋው እንደሚወርድ ሰምቶ ነበርና «አጎቴ፥ አይበላሽብህም?» አለኝ። «ተበላሽቶ የቈየውን ነው የምናቀናው» አልሁት፤ ብዕሩንም ሰጠሁት። የቀሩትን እርሱ ጻፋቸው።