ብርሃን የሚመገቡት የጓሮ ደባሎች

ከሥራ ተመልሳችሁ በዘይት ቆርቆሮ የተከላችሁትን ቆስጣና ጎመን ውኃ ስታጠጡ፣ በእርጥቡ አፈር ላይ እንደ ቀለም የተለሰነ አረንጓዴ ሽፋን ሳታዩ አልቀራችሁም። ብዙ ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ ፍቆ ይጥለዋል። እኔ ግን ስስ እስከሆነ ድረስ እተወዋለሁ፤ ምክንያቴንም ላጫውታችሁ።

በእንዲህ ዓይነቱ ሽፋን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ሕያዋን ይገኛሉ። እነርሱም እንደ ቅጠል ሁሉ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ያዘጋጃሉ። ከመካከላቸው ኖስቶክና አናቤና የተባሉት ሌላም ሙያ አላቸው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ሲሆን፣ ጎመናችን ግን ከአየሩ በቀጥታ ሊወስደው አይችልም፤ እነዚህ ጥቃቅን ሠራተኞች ሥር ሊመገበው ወደሚችለው መልክ ይለውጡለታል። ገበሬው ዩሪያ የሚገዛውም ለዚሁ ለናይትሮጅን ነው። ዴ የተባለ ህንዳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ጥናት፣ ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ለምነቱን የሚያገኘው በእነዚሁ አማካይነት መሆኑን አስረድቷል። የቬትናምና የቻይና ገበሬዎችም አዞላ የተባለችውን ተንሳፋፊ ተክል በሩዝ ማሳቸው ሲያለሙ ኖረዋል። አናቤና በአዞላ ቅጠል ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል፤ ኪራዩን በናይትሮጅን የሚከፍል ደባል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደባል ማን ይጠላል!

በኩሬ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ቀላ ያሉ ወይም ሐምራዊ የሆኑም አሉ። እነዚህ በብርሃን ኃይል ቢሠሩም ኦክስጅን አያወጡም። አንዳንዶቹ ናይትሮጅን ከማዘጋጀት በተጨማሪ ሥር እንዲበረክት የሚያግዝ ሆርሞንና ለቅጠል አረንጓዴ ቀለም መሠሪያ የሚሆን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። በታይላንድ ገበሬዎች በብርሃን አስተላላፊ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ያራቧቸዋል፤ ሲበዙ ፈሳሹ ይቀላል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ሻጭ በየግቢያችን እየዞረ፣ «ይህ ካለ ፍግ ምን ያደርጋል?» እያለ ጠርሙስ ሲያቀርብ እኔ አልገዛሁም። ባክቴሪያዎቹን ጠልቼ አይደለም። ፎስፈረስንና ፖታሲየምን ግን ከምንም ሊፈጥሩ አይችሉም፤ ጥቅማቸውም እንደ አፈሩና እንደ እርጥበቱ ይለያያል። ለልጆች ወጥ የታሰበን ገንዘብ ለአንድ ጠርሙስ ከማውጣት፣ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ አብላልቶ ብስባሽ ማዘጋጀት ይሻላል ባይ ነኝ። ቆርቆሮውን ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ማስቀመጥ፣ አፈሩንም ሳያጨቀዩ ማርጠብ ነው። ሽፋኑ ወፍሮ ውኃ አላሰርግ ካለ በማንኪያ ጫር ጫር ማድረግ ይበቃል።

አረንጓዴ ሁሉ ግን ወዳጅ አይደለም። በቆቃ ሐይቅ ላይ ሲንሳፈፍ ከሚታየው ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው መርዝ ያመነጫል። ስለዚህ አረንጓዴ ዝቃጭ ካለበት ሐይቅ ወይም ኩሬ የተቀዳ ውኃ በሰላጣ ላይ አታርከፍክፉ፤ ልጆችም እንዳይጫወቱበት ከልክሉ።