የመጀመሪያውን ራምፕ አለፍኩት

ኮሎራዶ ውስጥ ከአይዘንሃወር ዋሻ ወጥቶ ወደ ሲልቨርቶርን ከተማ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በስተቀኝ ሁለት የጠጠር ራምፖች አሉ። ፍሬን እምቢ ያለው ከባድ መኪና ሽቅብ ገብቶ ጠጠር ውስጥ እየሰመጠ እንዲቆም የተሠሩ ናቸው። እኔ የተረፍኩት ሁለተኛው ውስጥ ገብቼ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይለኛል። ስለ አንደኛው የሚጠይቀኝ የለም።

እኔ ግን ሌላውን ሰው ጠይቄ ነበር። በኤፕሪል 2019 በዚሁ አይ-70 አውራ ጎዳና፣ ዴንቨር መግቢያ ሌክዉድ ላይ፣ ፍሬን የከዳው ተሳቢ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ከቆሙ መኪኖች ጋር ተላትሞ 4 ሰዎች ሞቱ። በዲሴምበር 2021 ወጣቱ ሾፌር 110 ዓመት ተፈረደበት፤ በዚያው ወር መጨረሻ የግዛቱ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ ቅጣቱን ወደ 10 ዓመት አወረዱለት። ያን ሰሞን ኦሮራ ውስጥ እኛ የምንቀመጥበት ቡና ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። ከመካከላችን ተሳቢ የሚነዳው ብዙ ስለሆነ ጉዳዩ የራስ ጉዳይ ነበር። እኔም ፍርዱ በዝቷል ባይ ነበርኩ። ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር እጨምር ነበር፦ «ራምፑን እያየ ለምን አለፈው?» ስኒዬን ቁጭ አድርጌ፣ እንደ ዳኛ።

የሾፌር ልጅ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዓባይ በረሃን በኤንትሬ እየተመላለሰ ነው ያሳደገን። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ይዞኝ ይወጣ ነበር፤ ሥራዬ መኪናው በቆመ ቁጥር ዘልዬ ወርጄ የኋላ ጎማ ሥር ታኮ መወተፍ ነው። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ሞተሩ እያጓራ፣ እግረኛ የሚቀድመን እስኪመስል እንንፏቀቅ ነበር። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይለኝ ነበር። ፍሬን ለማቆሚያ እንጂ ለመውረጃ አይደለም። ይህን የተማርኩት ከፊደል እኩል ነው።

ታዲያ ምን ነካኝ? አርቪው ነዋ።

እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀን በመጣችበት ዓመት ጉልበቷ መቆሚያ መቀመጫ ነስቷት ነበር። የአዲስ አበባ ፍል ውሃ ደንበኛ ናት። ግሌንዉድ ስፕሪንግስ የሚባል፣ ከ1888 ጀምሮ ሰው የሚነከርበት ትልቅ የፍል ውሃ ገንዳ ያለው ከተማ አለ ስላት «ምን እንጠብቃለን?» አለች። እግሯን ሳትዘረጋ ረጅም መንገድ ስለማትችል አርቪ ተከራየን፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው፣ ከ6 ቶን በላይ የሚመዝን ቤት። መሪው ለስላሳ፣ ማርሹ አውቶማቲክ። ከኋላህ ጀበና ሲንኳኳ እየሰማህ ከባድ መኪና እየነዳሁ ነው ብለህ አታስብም። የማርሹ ዘንግ ጫፍ ላይ ጭነት ሲኖር የምትጫናት ቁልፍ አለች፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ማርሹን ራሷ ዝቅ እያደረገች መኪናውን በሞተሩ ታስይዘዋለች። አልነካኋትም። ምን ጭነት አለኝ? እናቴንና ልጆቼን ነው የጫንኩት።

ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ነው። ስንወጣ ፀሐዩ ዓይናችን ላይ በራ፤ ቁልቁለቱም ወዲያው ጀመረ፤ በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር ይወርዳል። ትራኮቹ በቀኝ መስመር የአደጋ መብራታቸውን እያበሩ ይንፏቀቃሉ። በግራ አለፍኳቸው። ፍሬን ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ።

«የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለች እናቴ፤ ከኋላ ጠረጴዛው ጋ ከልጆቹ ጋር ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች። ባለቤቴ ዞር ብላ ምድጃውን አየች። ዝግ ነው። ትልቁን ልጅ የዳቦ መጥበሻውን ነካክቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ቤት ውስጥ ሲሸት ማን ስለ ጎማ ያስባል? እናቴ እንደገና አሸተተችና «የአባትህ ልብስ ሽታ ነው» አለች። ሳቅን። ከሁላችን ትክክለኛውን የተናገረችው ግን እሷ ነበረች። አባቴ ከበረሃ ሲመለስ ካፖርቱ የጋለ የፍሬን ሸራ ይሸት ነበር።

ቀጥሎ የረገጥኩት ፔዳል እግሬን አልገፋውም። ሊጥ እንደመርገጥ ነው፤ ቀስ እያለ ወለሉ ድረስ ወረደ። ለቅቄ ደገምኩ። ደጋግሜ ስረግጠው ትንሽ ያዝ ያደርግና መልሶ ይሰምጣል። የፍጥነት መለኪያው 58 ማይል፣ 61፣ 64። የማርሹን ዘንግ ሳብኩ። ሞተሩ ጮኸ፤ አንድ ማርሽ ወረደና የቀረውን ኮምፒውተሩ ከለከለኝ፣ በዚያ ፍጥነት ሞተሩን እንዳልሰብረው። አባቴ ያለው ከአፋፉ ላይ የሚደረግ ነገር ነው፤ መሐል ቁልቁለት ላይ ማርሹ አይሰማህም።

አንደኛው ራምፕ በቀኝ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ለምን አለፍኩት? ፈርቼ ነው እንዳልል ፍርሃቱ ገና አልደረሰም ነበር። ፔዳሉ ጨርሶ ሞቶ ቢሆን እገባ ነበር። አልሞተም፤ ያዝ ባደረገ ቁጥር «ይኸው ተመለሰ» ትላለህ። ደግሞ ሰሌዳው የሚለው «የትራክ» ነው። የኪራይ ቤት ይዤ የእነሱ ቦታ ምን ያገባኛል? ሰው አገር ብዙ ዓመት ስትኖር ስምህ ያልተጻፈበትን በር አለመግፋት ትለምዳለህ። ለዋስትና ያስያዝኩት 1,500 ዶላርም ትዝ አለኝ፤ እያፈርኩ ነው የምናገረው፤ እናቴና ልጆቼ ከኋላዬ ተቀምጠው ያሰብኩት ስለ 1,500 ዶላር ነው። ራምፑ ራሱም መንገድ አይመስልም፤ ሲያዩት ወደ ሰማይ የቆመ የጠጠር ግድግዳ ነው። ከፊቴ ያለው አስፋልት ግን አስፋልት ነው። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ዓይን እስኪጨፈን ባለው ጊዜ አለቀ፤ ራምፑ በመስተዋቱ ውስጥ ሲያንስ አየሁት።

ፍርሃቱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። 71። በግራ እግሬ የማቆሚያ ፍሬኑን ፈልጌ አገኘሁ፤ ጎማው በአንዴ እንዳይቆልፍ መልቀቂያውን በግራ እጄ ስቤ እንደያዝኩ ቀስ በቀስ ረገጥኩት። የኋላው ትንሽ ጎተተ፣ ትንሽ ብቻ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ገባት። ምንም አልጠየቀችኝም። የአደጋ መብራቱን እኔ ረስቼዋለሁ፤ እጇን ዘርግታ ራሷ ተጫነችው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ ልጆቹን «ራሳችሁን አቀርቅሩ» አለቻቸው። እናቴ «እመብርሃን» ማለት ጀምራለች፤ ሳትጮህ፣ እንደ ሥራ። ከፊታችን የነበረች ትንሽ መኪና የጥሩምባዬን ድምፅ ሰምታ ሸሸች።

ሁለተኛው ሰሌዳ ሲመጣ አላሰብኩም። መሪውን ቀጥ አድርጌ ገባሁ።

የማይረሳኝ ድምፁ ነው። ሺህ ጆንያ ሽንብራ በአንዴ ቆርቆሮ ላይ ቢዘረገፍ እንደዚያ ይመስለኛል። መሪው ከእጄ ሊነጠቅ ታገለኝ። የፊት ጎማዎቹ ሰመጡ፣ ቁም ሣጥኖቹ ተበረገዱ፣ ሳህኑ፣ ስኒው፣ የበርበሬው ብልቃጥ ሁሉ ወደ ፊት መጣ። ቆምን። ጸጥ አለ። የፊት መስተዋቱ በውስጥ በኩል በበርበሬ ቀልቷል። መጀመሪያ ያስነጠሰው ትንሹ ልጄ ነው፤ ከዚያ ሁላችንም። አምስት ሰው ከሞት አፍ ወጥቶ ያስነጥሳል።

የመጣው ፖሊስ ጨዋ ሰው ነበር። ራምፑን መጠቀም አያስቀጣም አለኝ፤ የማስጎተቻው ሒሳብ ግን የራሴ ነው። ከዚያ ገብቶ ፔዳሉን ረገጠው። ጠንካራ፣ እንደ አዲስ። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ረገጥኩት፤ ያዘ። ሊጨርሰን የነበረው ፔዳል እኔን ዋሾ አድርጎኝ ቁጭ አለ። ነገሩ የገባኝ በኋላ መካኒኩ የፍሬን ዘይቱን ክዳን ሲከፍት ነው። ዘይቱ ቡና መስሏል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲሱ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲገባው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። እንፋሎት ስትረግጠው ይጨመቃል እንጂ ጉልበትህን ጎማው ድረስ አያደርስልህም። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ፔዳሉ ይጠነክራል፤ ማስረጃውን ራሱ ያጠፋል። ዘይቱን በጊዜው አለመቀየር የአከራዩ ኃጢአት ነው። ያፈላሁት ግን እኔ ነኝ።

ፖሊሱ ከመድረሱ በፊት ልጆቹን አውርደን ከመንገዱ ራቅ አድርገን አስቀመጥናቸው። እናቴንም ደግፌ አወረድኳት፤ ነጠላዋ በርበሬ ለብሷል። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል የለችም። ከመኪናው ኋላ ሄዳ፣ ያንን አልታጠፍ ያለ ጉልበቷን አጥፋ፣ ከዳር ያገኘችውን ድንጋይ የኋላ ጎማ ሥር ትወትፋለች። ጎማው እስከ ግማሹ ተቀብሯል።

«እማማ፣ ይተዉት፤ ተቀብሮ የለም እንዴ» አለቻት ባለቤቴ።

«ይሁን» አለች፤ ድንጋዩን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አጠበቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለች። «ለዚያኛውም አንድ ፈልግ።»

ፈለግኩ።